የላብራቶሪ ቆዳ እያለ ጭኑ ለምን ይላጣል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው። በቡታጋዝ እሳት ደረቱ፣ ሆዱ፣ አንገቱና ሁለት እጁ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ቃጠሎው 40 በመቶ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 25 በመቶው ጥልቅ ነው ብለውናል። ሐኪሞቹ ከጭኑ ቆዳ እያነሱ ሊለጥፉለት ነው። ቦስተን ያለው አጎታችን ግን “እዚህ የጥፍር ያህል ቆዳ ወስደው ሙሉ ቆዳ ያሳድጋሉ፤ ጭኑን አታስልጡት፣ ናሙናውን ላኩልኝ” ይለናል። እውነት ነው? ሐኪሞቹን እናስቁማቸው?»

አያስቁሟቸው። አጎትዎ የነገሯችሁ ውሸት አይደለም፤ ከትንሽ ቆዳ ሰፊ ቆዳ ማሳደግ ከ40 ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው። ነገር ግን ወንድምዎ ባለበት ሁኔታ ከገዛ ጭኑ የሚነሳው ቆዳ ላብራቶሪ ከሚያሳድገው ይበልጣል። ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቄ ባልተናገርኩ፤ በጥራትም፣ በፍጥነትም፣ ቁስሉ ላይ በመያዝም ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ቆዳ አንድ ነገር ካለመሆኑ ነው። የላይኛው ክፍል ኤፒደርሚስ በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው መዝጋት ነው፤ ውሃ እንዳይወጣ፣ ተህዋስ እንዳይገባ። ከሥሩ ያለው ደርሚስ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጥንካሬውና መለጠጡ ያለው እዚህ ነው፤ ደም ስሩ፣ ነርቩ፣ የፀጉሩ ሥርና የላብ ዕጢውም እንዲሁ። ጥልቅ ቃጠሎ ሁለቱንም ያጠፋል። አጎትዎ የሰሙት ዓይነት የላብራቶሪ ቆዳ ግን የላይኛው ብቻ ነው።

ከሐኪሞቹ ጋር ሲነጋገሩ እንዲጠቅምዎ አሠራሩን በዝርዝር ላስረዳ። ዘዴውን በ1975 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የነበሩት ሃዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ ናቸው። መጀመሪያ ካልተቃጠለ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከብብት ወይም ከብሽሽት፣ ጥቂት ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ እስከ ስቡ ድረስ ይቆረጣል። ይህ ሰውየው ሆስፒታል በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆን አለበት፤ ከዘገየ ቆዳው ራሱ በሆስፒታል ባክቴሪያ ተይዞ ይመጣል። ናሙናው አንቲባዮቲክ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይጓዛል። ላብራቶሪ ሲደርስ ስቡ ይጸዳል፣ ቆዳው በመቀስ ይደቃል፣ ከዚያም ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም በ37 ዲግሪ ሴሎቹ ከእርስ በርሳቸው ይላቀቃሉ። የሚፈለጉት የኤፒደርሚስ ሴሎች፣ ኬራቲኖሳይቶቹ ናቸው።

እነዚህ ሴሎች ብቻቸውን ሳህን ላይ ቢዘሩ ጥቂት ተባዝተው ያረጃሉ። የግሪንና የራይንዋልድ ግኝት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ከሥራቸው «መጋቢ» ሴሎችን ማንጠፍ። መጋቢዎቹ 3ቲ3 የተባሉ የአይጥ ፋይብሮብላስቶች (ኮላጅን የሚሠሩ ሴሎች) ሲሆኑ፣ እንዳይባዙ፣ ግን በሕይወት ቆይተው ለሰው ሴሎች የዕድገት ንጥረ ነገር እንዲለቁ አስቀድመው በ60 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ጨረር ይመታሉ። በላያቸው ኬራቲኖሳይቶቹ በካሬ ሴንቲሜትር ከ20 እስከ 30 ሺህ እየሆኑ ይዘራሉ። የሚመገቡት ፈሳሽ የጥጃ ፅንስ ሴረም፣ ኢንሱሊን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ የዕድገት ፋክተር (ኢጂኤፍ) እና ትንሽ የኮሌራ ቶክሲን ይገባበታል። ኮሌራው አያስደንግጥዎ፤ መጠኑ በሚሊ ሊትር 8 ናኖ ግራም ገደማ ነው፣ ሴሎቹ እንዲከፋፈሉ ይገፋፋል፤ ከመለጠፉ በፊትም ታጥቦ ይወጣል።

ኢንኩቤተሩ 37 ዲግሪ ሙቀትና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሌት ተቀን መሥራት አለበት። ፈሳሹ ውስጥ ፊኖል ሬድ የተባለ ቀለም ስላለ ሁኔታው በዓይን ይነበባል። ቀይ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው። ወደ ሐምራዊ ካደላ ጋዙ ተቋርጧል ወይም በሩ ሳይገጥም ቀርቷል። በአንድ ሌሊት ቢጫ ሆኖ ከደፈረሰ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ሳህን ይጣላል፣ ጎረቤቶቹም ይጠረጠራሉ። የከፋው ግን ማይኮፕላዝማ የተባለው እጅግ ደቃቅ ባክቴሪያ ነው፤ ቀለም አይቀይርም፣ አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ሴሎቹን ብቻ ቀስ እያለ ያደክማል። ስለዚህ በየጊዜው በምርመራ ይፈለጋል። መብራት ለጥቂት ሰዓት መጥፋቱ የአንድን ታማሚ የሦስት ሳምንት ሥራ ሊያበላሽ እንደሚችል ከዚህ ይገመታል፤ ጄኔሬተር የሌለው ላብራቶሪ ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

ሴሎቹ በቡድን በቡድን እየሰፉ ሳህኑን 70 ወይም 80 በመቶ ሲሞሉ ተነስተው ወደ ብዙ ሳህን ይከፈላሉ። እስኪሞላ መጠበቅ ጀማሪ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ነው። ኬራቲኖሳይቶች እርስ በርስ ሲጨናነቁ መባዛት ትተው መብሰልና መድረቅ ይጀምራሉ፤ ግንድ ሴሎቹም፣ ማለትም ሌሎቹን ሴሎች ዘወትር የሚያመነጩት፣ ይባክናሉ። ግንድ ሴል የሌለበት ቆዳ ቢለጠፍ ለጊዜው ይዞ ይቆይና፣ ኤፒደርሚስ ራሱን የሚተካበት ጊዜ ሲደርስ ተተኪ አጥቶ ይረግፋል። በመጨረሻው ሳህን ላይ ግን እንዲሞላና ከ2 እስከ 8 ድርብ እንዲደራረብ ይተዋል። ከዚያ ዲስፔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይፈስበታል፤ ይህኛው ሴሎቹን እርስ በርስ ሳይለያይ ከሳህኑ ብቻ ያላቅቃቸዋል። ሉሁ ሲነሳ ይኮማተራል፤ ስፋቱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እንደ እንጀራ ዓይንና ጀርባ አለው፤ ሳህኑን ነክቶ የነበረው ጎን የግድ ቁስሉን መንካት አለበት፣ ከተገለበጠ አይይዝም። ለዚህ ነው ገና ላብራቶሪ ሳለ በቫዝሊን ጎዝ ላይ በትናንሽ የብረት ቅንጥቦች ተይዞ የሚላከው።

በዚህ መንገድ ከ3 ካሬ ሴንቲሜትር ተነስቶ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ የአዋቂን ሰው ሰውነት የሚሸፍን ኤፒደርሚስ ማግኘት ይቻላል። ዘዴውን ዓለም ያወቀው በ1983 ቦስተን ውስጥ የታከሙ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ናቸው። ሰውነታቸው 97 እና 98 በመቶ ተቃጥሎ ነበር፤ የሰውነታቸው ግማሽ ያህል በላብራቶሪ ባደገ ቆዳ ተሸፍኖ ተረፉ።

እዚህ ላይ ቁም ነገሩን ያስተውሉ። 97 በመቶ የተቃጠለ ልጅ ቆዳ የሚነሳበት ቦታ የለውም። ላብራቶሪው አማራጭ ሲያጡ የሚሄዱበት በር ነው። ወንድምዎ ግን 60 በመቶ ደህና ቆዳ አለው። ሒሳቡን እንሥራው፦ የአዋቂ ሰው የሰውነት ገጽ 1.75 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ጥልቅ የሆነው 25 በመቶ ወደ 4,400 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ሐኪሙ የሚያነሳው ቆዳ ወንፊት በሚያደርግ ማሽን (መሽ) አልፎ በተግባር እጥፍ ቢሰፋ፣ 2,200 ካሬ ሴንቲሜትር ይበቃል። ይህ ከሰውነቱ 12 ወይም 13 በመቶ ነው፤ ሁለቱ ጭኖቹ ብቻ ይህን ይሰጣሉ። በላብራቶሪ ቆዳ ይሸፈን ቢባል ደግሞ፣ አንዱ ሉህ 50 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ ሁሉም ቢይዝ እንኳ 88 ሉህ ይፈልጋል።

ሁሉም ደግሞ አይይዝም። ከጭን በደርማቶም (ቆዳን በስሱ በሚልጥ መሣሪያ) የሚነሳው ቆዳ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ማለትም ኤፒደርሚሱን ሙሉውን፣ ከደርሚሱም ስስ ሽፋን ይዞ ይነሳል። ያ ስስ ደርሚስ ነው ልዩነቱ። ቁስሉ ላይ ሲቀመጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሥሩ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የራሱ ደም ስሮች ከቁስሉ ደም ስሮች ጋር ይገናኛሉ። በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ሮዝ ሆኖ ተጣብቆ ከተገኘ ይዟል። የላብራቶሪው ሉህ ይህ ሁሉ የለውም። ጥቂት የሴል ድርብ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ደርሚስ የሌለው ሥጋ ላይ ይቀመጣል። ኤፒደርሚስን ከደርሚስ ጋር የሚሰፉት ጥቃቅን የኮላጅን ክሮች እንደገና ተሠርተው እስኪጠነክሩ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጃሉ። እስከዚያ ድረስ አንሶላ ሲያሻሸው ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። በጀርባና በመቀመጫ ላይ የሚደርሰው መፈግፈግ ደግሞ ገና ሳይይዝ ያንሸራትተዋል።

ኢንፌክሽኑ ሌላ ጣጣ ነው። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ቁስሉን አረንጓዴ የሚያደርገውና ልዩ ሽታ ያለው፣ ይህን ሉህ በአንድ ሌሊት ይበላዋል። የጭን ቆዳ እንዲህ ያለውን መጠነኛ ጥቃት ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። በዚያ ላይ በቃጠሎ ክፍል የሚሠራባቸው ማጽጃዎችና ቅባቶች፣ አዮዲኑም፣ ክሎርሄክሲዲኑም፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚኑም፣ ባክቴሪያውን ሲገድሉ ለጋዎቹን ኬራቲኖሳይቶች አብረው ይገድላሉ። ስለዚህ ነርሷ ከለመደችው መድኃኒት ግማሹ ይከለከላል።

ባለሙያዎች ይህን ለማለፍ የሄዱበት መንገድ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራል፤ መጀመሪያ ደርሚሱን አዘጋጅ። በ1986 በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ኩዎኖና ባልደረቦቹ ከሞተ ሰው የተለገሰ ቆዳ ቁስሉ ላይ ለጥፈው፣ ከያዘ በኋላ የላይኛውን ገፈው ደርሚሱን አስቀርተው፣ በዚያ ላይ የላብራቶሪውን ሉህ አነጠፉ። የሐኪሙ ጆን በርክና የኤም አይ ቲው ዮአኒስ ያናስ ሥራ የሆነው ኢንቴግራ ደግሞ ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ቅርጭጭት (የአጥንት ያህል ያልጠነከረው ክፍል) በሚገኝ ንጥረ ነገር የተሠራ ስፖንጅ ነው፤ ከላዩ ሲሊኮን አለበት። ቀዳዳዎቹ በመቶዎቹ የሚሊ ሜትር ክፍል የሚለኩ ናቸው፤ ጠበብ ካሉ የሰውየው ሴሎች አይገቡም፣ በጣም ከሰፉ ደግሞ ጠባሳ እንዳይፈጠር የሚያደርገው ጠባዩ ይቀንሳል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ የሰውየው ደም ስሮች ሞልተውት አዲስ ደርሚስ ይሆናል፤ ያኔ ሲሊኮኑ ተነስቶ በጣም ስስ የጭን ቆዳ ይለጠፍበታል። ይህ ወንድምዎን ሊመለከት የሚችል ነገር ነው፤ በተለይ ለአንገቱና ለክርኑ ካለ ይጠይቁ።

የደርሚስን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳየው በ2015 በጀርመን ቦኹም የታከመው የ7 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ በዘር በሚተላለፍ በሽታ ምክንያት የሰውነቱ ኤፒደርሚስ 80 በመቶ ያህሉ ተገፎ ነበር። የጣሊያኗ ሞዴና ከተማ ቡድን፣ ሚኬሌ ደ ሉካና ግራዚዬላ ፔሌግሪኒ የሚመሩት፣ ከልጁ ሴል ወስዶ የተበላሸውን ጂን አርሞ 0.85 ካሬ ሜትር ኤፒደርሚስ አሳድጎ ላከ፤ ሙሉ በሙሉ ያዘለት ለማለት ይቻላል፣ ወደ ትምህርት ቤትም ተመለሰ። ይህ ዜና ሲወራ አንድ ነገር ይዘለላል፦ ልጁ የተቃጠለ አልነበረም። ደርሚሱ ቦታው ላይ ነበር።

ወደ «ናሙናውን ላኩልኝ» እንምጣ። አጎትዎ የሰሙት ምርት ምናልባት ኤፒሴል ይሆናል፤ ማሳቹሴትስ የሚሠራ ነው። የአሜሪካ መድኃኒት ቁጥጥር በ2007 ልዩ ፈቃድ የሰጠው ሰውነታቸው 30 በመቶና ከዚያ በላይ በጥልቅ ለተቃጠሉ ሰዎች ነው። ወንድምዎ በጥልቅ የተቃጠለው 25 በመቶ ስለሆነ ከዚያ መስመር በታች ነው። ቢፈቀድም ናሙናውን መላኩ ቀላሉ ነው፤ የማይሆነው መመለሱ ነው። የተዘጋጀው ሉህ ዕድሜው 24 ሰዓት ነው። ከቦስተን አዲስ አበባ በረራው፣ መሸጋገሪያውና ጉምሩኩ ይህን ይበሉታል፤ አንድ በረራ ሲዘገይ 88ቱም ሉህ ቆሻሻ ይሆናል። እስኪያድግ ድረስ በሚጠበቀው ሦስት ሳምንት ደግሞ ቁስሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የተቃጠለን ሰው የሚገድለውም ያ ክፍት ጊዜ ነው። ዋጋውን አላነሳም፤ የአንድ ታማሚው ከብዙ አሥር ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፈቃዱም በአሠራሩም ቀለል ያለው፣ አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ፊዮና ውድ ያዳበሩት የሚረጭ ሴል (ሪሴል) ነው። ላብራቶሪ አይፈልግም። በቀዶ ክፍሉ ውስጥ 1 ካሬ ሴንቲሜትር ስስ ቆዳ በኢንዛይም ሞቆ ሴሎቹ ይፋቁና በፈሳሽ ተበጥብጠው እስከ 80 ካሬ ሴንቲሜትር ይረጫሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ለጥልቅ ቃጠሎ ብቻውን አይበቃም፤ በሰፊው ከተወጠረ ወንፊት ቆዳ ጋር ነው የሚረጨው፣ ክፍተቶቹን ይሞላል። ቀለም ሰጪ ሴሎችንም ስለሚይዝ እንደኛ ጠቆር ላለ ቆዳ ጥቅሙ ይታያል፤ የላብራቶሪ ሉህ ቀለሙ ዝንጉርጉር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ኪቱ ግን ውድ ነው።

የዓሣ ቆዳ የሚለውም ይነሳ ይሆናል። ብራዚል ፎርታሌዛ ውስጥ የቆሮሶ ዓሣ ቆዳ ለቃጠሎ ጥቅም ላይ ውሏል። ያ ግን በግሊሰሮልና በጨረር ከተህዋስ የጸዳ ፋሻ ነው፤ ቆዳ አይሆንም፣ ይነሳል። ከሐይቅ የወጣ ጥሬ ዓሣ ቁስል ላይ ማድረግ ደግሞ ሰው መግደል ነው።

በውጭ አገር «ከግንድ ሴል አካል እናሳድጋለን» የሚል ክሊኒክ ቢያገናኟችሁ በጥርጣሬ ተመልከቱት። በ2011 በስዊድን ካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ አይስላንድ ይማር ለነበረ ኤርትራዊ ወጣት ከፕላስቲክ የተሠራ የአየር ቧንቧ፣ ከመቅኔው በተወሰዱ ሴሎች ተነክሮ ተተከለለት። ዓለም አጨበጨበ። ሴሎች ከደም ስር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ርቀው መኖር አይችሉም፤ ያ ቧንቧ ደም ስር አልነበረውም፣ ሕያው ሥጋም አልሆነም። ወጣቱ በጥር 2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አረፈ። ቀዶ ሐኪሙ ፓኦሎ ማኪያሪኒ በ2023 በስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት በሦስት ታማሚዎች ላይ በፈጸመው ጥፋት ሁለት ዓመት ተኩል እስር ተፈርዶበታል። ስስ ኤፒደርሚስ የሚሳካው እኮ ስስ ስለሆነ ነው፤ ወፍራሙ ነገር ገና ብዙ ይቀረዋል።

አሁን ጉልበታችሁን የምታውሉበትን ልንገርዎ። ሐኪሞቹን ይህን ይጠይቁ፦ የሞተው ሥጋ መቼ ተቆርጦ ይወጣል? በቶሎ ሲወጣ ኢንፌክሽኑ ይቀንሳል። ወንፊቱ ስንት ለስንት ነው? 1 ለ1.5 ከሆነ ጠባሳው ይለሰልሳል፣ 1 ለ3 ከሆነ ብዙ ይሸፍናል ግን የወንፊቱ ምልክት ይቀራል። ለአንገቱና ለእጁ መዳፍ ጀርባ ያልተበሳ ሙሉ ሉህ ይለጥፉለት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም መሸፈን ካልተቻለ እነዚህ ይቅደሙ። የራስ ቆዳው ደህና ከሆነ ከዚያም መውሰድ ይቻላል፤ ፀጉሩ ይሸፍነዋል፣ ቶሎ ይድናል፣ በድጋሚም ይሰጣል። የጭኑም ቢሆን ከፀጉር ሥሮቹ እየበቀለ ከ10 እስከ 14 ቀን ይዘጋል። ከቁስሉ ይልቅ የሚያቃጥለው እሱ ስለሆነ ማስታገሻ እንዲታዘዝለት ይናገሩ።

ምግቡ እንደ መድኃኒት ይቆጠር። ለተቃጠለ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.5 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ከሆነ ከ90 እስከ 120 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው የሚሰጠው፤ አጥሚትና ሾርባ ብቻ የትም አያደርሱም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ሽሮውም በብዛት ይቅረብለት። ጾም ከሆነ የንስሐ አባቱን አሁኑኑ ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ይፈታሉ፣ ታማሚው ራሱ ነው ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው።

ቆዳው ከተለጠፈ በኋላ አምስት ቀን ያ ቦታ አይንቀሳቀስ። ጠያቂ አይደገፈው፣ ፋሻው አይነካካ፤ ከሥሩ ደም ወይም ፈሳሽ ከተጠራቀመ ቆዳው ይነሳል፣ የማይዝበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው። ከያዘ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቱ በሚያሳየው መሠረት እጁና አንገቱ በየቀኑ ይዘርጉ፣ አንገቱ ሥር ትራስ አይደረግ። ትራስ ሲመቸው አገጩ ወደ ደረቱ ተጎትቶ እንደዚያው ይደርቃል፤ ያን ለመፍታት ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የሚያጣብቅ የላስቲክ ልብስ ከታዘዘለት በቀን 23 ሰዓት፣ ለመታጠብና ለመቀባት ብቻ እየወለቀ፣ እስከ አንድ ዓመት ይለበሳል። አጎትዎ ከቦስተን አንድ ነገር ይላኩ ከተባለ ይህን ልብስ ይላኩ፤ ልኩን ፊዚዮቴራፒስቱ በሜትር ለክቶ ይሰጣችኋል፣ ሲሳሳ ስለሚቀየር ሁለት ይሁን።